ከአያያዝ ጉድለት

ጥቅምት 3

ወንድሜ፣

እንዴት ከረምክ? እኛ ደህና ነን። እማማም ደህና ናት፤ ጉልበቷ ነው እንጂ ምላሷማ እንዳለ ነው። በስልክ ዘመን ወረቀት መላኬ እንደሚያስቅህ አውቃለሁ። ምን ላድርግ፣ ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ ስልክ ባነሳሁ ቁጥር እማማ ጆሮዋን ትጥላለች። እሷ ደግሞ ለመንደሩ ሁሉ «መኪናችን ከልጄ መሥሪያ ቤት የተገዛች ናት» እያለች ስትኮራ ነው የከረመችው። ስለዚህ ደብዳቤውን አውቶቡስ የሚነዳው ጎረቤታችን ያመላልስልን። አፉ የተቆለፈ ሰው ነው።

ቅዳሜ በስልክ ስለ መኪናዋ ስትጠይቀኝ «ደህና ናት» ያልኩህ እማማ አጠገቤ ስለነበረች ነው። መኪናዋ ቆማለች።

አዎ፣ አዲሷ። ገና አራት ወሯ ነው፤ ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላችም። ከሁለት ሳምንት ገደማ በፊት፣ ማክሰኞ፣ ከሆስፒታል ስንመለስ አቀበቱን እንደጨረስን የሙቀት ማሳያው ቀዩ ላይ ወጣ። ወዲያው አጠፋኋት። ከፊት በኩል እንፋሎቱ እንደ ሻይ ማንቆርቆሪያ ይንፎለፎላል። ዘጠኙም በሽተኞቼ ውስጥ ነበሩ። በሳምንት ሦስት ቀን ደማቸው በማሽን የሚታጠብላቸው ሰዎች መሆናቸውን ነግሬሃለሁ። ከማሽኑ ሲወርዱ የጨመቅከው ጨርቅ ነው የሚመስሉት። ሽማግሌው አናጺ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ደፋ። ልብስ ሰፊዋ ግን ታውቃታለህ፣ ዝም አትልም፤ «ይቺን መኪና እኔ ብሰፋት ይሻል ነበር፤ የእኔ ስፌት በአራት ወር አይተረተርም» ብላ በዚያ ሁሉ ድካም አሳቀችን።

እዚህ ያለው ቅርንጫፋችሁ ሄድኩ። ፎርም ሞላሁ። በስምንተኛው ቀን መልስ መጣ፦ ዋስትናው አይሸፍንም፣ ራዲያተሩ ውስጥ የተገኘው ውሃ ድርጅቱ ያጸደቀው ዓይነት አይደለም። ወንድሜ፣ ውሃውን የጨመሩት እነሱ ናቸው! በመጀመሪያው ሰርቪስ፣ እኔ ቆሜ እያየሁ!

አንተ የዋስትና ክፍል ውስጥ ተቀምጠሃል። «ሦስት ዓመት ሙሉ አታስቢ» ብለህ ያስገዛኸኝም አንተ ነህ። ማንን ላናግር?

እህትህ


ጥቅምት 15

እታለም፣

አስቀድሜ ለአንቺም ለእማማም ሰላምታዬ ይድረስ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። በመኪናዋ ነገር ከልቤ አዝኛለሁ።

እኔ ውሳኔ አልሰጥም። የኔ ሥራ ጽሑፍ ነው፤ የተወሰነውን በጥሩ አማርኛ ማስቀመጥ። የሚወስነው አለቃችን ነው። «ሳቂታው» ነው የምንለው፤ ሰው ሲያባርርም ይስቃል፣ ሲቆጣም ይስቃል፤ ጥርሱ የማይታይበትን ሰዓት አላውቅም። ክፍላችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ምንጣፉ ወፍራም ስለሆነ የሰው ኮቴ አይሰማም። ቅሬታ ያለው ሰው እዚህ አይወጣም፤ ምድር ቤት፣ ዓሣ ከሚዋኝበት የመስታወት ሣጥን አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቅና ይሄዳል። እኛ ጋ የሚደርሰው የሰሌዳ ቁጥሩ ብቻ ነው።

የይግባኝ ፎርም አለ፤ አረንጓዴው። እሱን ሙዪ። ሰርቪስ ያደረግሽበትን ደረሰኝ አያይዢበት። ደግሞ እባክሽ ቅርንጫፉ ላይ ድምፅሽን ከፍ አታድርጊ፤ «ተሳዳቢ ደንበኛ» የሚል ማኅተም አለን፤ አንዴ ፋይልሽ ላይ ካረፈ አይለቅም።

ልብስ ሰፊዋን ሰላም በይልኝ። ያን ጊዜ ለሥራ ቅጥር የሰፋችልኝን ሱሪ ዛሬም እለብሰዋለሁ።

ወንድምሽ


ኅዳር 4

ወንድሜ፣

ሰላም ነህ? እኔ አይደለሁም።

ሞተሩ መከፈቱን ሰምተህ «ማን ከፈተው?» ብለህ በአውቶቡስ ነጂው በቃል ለላክህብኝ ጥያቄ መልሱ ይኸው፦ የሰፈራችን መካኒክ ከፈተው። አረንጓዴውን ፎርም ሞልቼ ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ፤ በሽተኞቼ ግን እንደ እኔ መጠበቅ አይችሉም። በየቀኑ የሰው መኪና እየለመንኩ ቆየሁ። መካኒኩ ፈትቶ የውሃውን ፓምፕ አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ውስጡ ያለው መዘውር ፕላስቲክ ነው። እንደ ብስኩት ተፈርፍሯል። «እትዬ፣ ይሄ እኮ መጫወቻ ነው፤ ከተማው ውስጥ ይህን ዓይነት መኪና የያዘ ሁሉ በዚሁ ነው የሚመጣብኝ። ዳቦ አከፋፋዩም ሁለቴ ገፍቶ አምጥቷል» አለኝ።

ፓምፑን በጨርቅ ጠቅልዬ ቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት። ምን እንዳደረገ ልንገርህ? ከሣጥን ሶፍት መዘዘ፣ በሁለት ጣቱ እንደ ሞተ አይጥ አንጠልጥሎ አነሳው፣ አየት አደረገና መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ከጠርሙስ ሽታ ያለው ፈሳሽ እጁ ላይ አንጠባጥቦ አሻሸ። እያየኝ አሻሸ። እጄ ላይ ያለው ግሪስ የእነሱ መኪና ግሪስ ነው። ማን ነው ማንን መጸየፍ የነበረበት?

ሁለተኛው መልስ ትናንት ደረሰኝ፦ ከድርጅቱ ውጭ በሆነ ባለሙያ ስለተከፈተ ዋስትናው ቀሪ ሆኗል። ስለዚህ ከራሳቸው መደብር ያንኑ ዓይነት ፓምፕ ገዝቼ አስገጠምኩ። ሌላ የሚሸጥ የለማ! አሁን ትሄዳለች። ማሳያውን እያየሁ ነው የምነዳው፤ መንገዱንማ በልማድ ነው።

ዳቦ አከፋፋዩ ለሸማቾች ችሎት ልናመልክት ነው፣ ግቢ ይለኛል። ምን ትላለህ?

እህትህ


ኅዳር 17

እታለም፣

በችኮላ ነው የምጽፈው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ችሎቱ ይቅርብሽ። ከነገሩ ጦም እደሩ ይባላል። ጉዳዩ ዓመት ይፈጃል፤ እነሱ ጠበቃ አላቸው፣ አንቺ ሥራ አለብሽ። ሦስተኛ ጊዜ ማመልከት ይቻላል፤ በቀጥታ ለዋናው መሥሪያ ቤት ጻፊ። እኔ በጎን የምችለውን እሞክራለሁ። ግን በማመልከቻው ላይ የእኔን ስም አታንሺ። ዝምድናችንን እዚህ ማንም አያውቅም፤ ባይታወቅም ይሻላል፣ ለአንቺው ብዬ ነው።

በዚህ ወር እድገት ይሰጠኛል ተብሎ ይወራል። ለእማማ ገና አትንገሪያት።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 11

ወንድሜ፣

መኪናዋ አዲሱ ፓምፕ በገባ በሃያ አራተኛው ቀን እንደገና ቆመች። ባለፈው ኅዳር 28፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወደ ሆስፒታል ስንሄድ። ልብ በል፣ ስንሄድ ነው እንጂ ስንመለስ አይደለም።

እንደመከርከኝ ለዋናው መሥሪያ ቤት ጻፍኩ፤ ስምህን አላነሳሁም። መልሱ ዛሬ ደረሰኝ። ሁለቱን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ልገልብጥልህ፦

«ጉዳቱ ከአያያዝ ጉድለት የመጣ መሆኑን በምርመራ አረጋግጠናል። መኪና እንደ ያዢው ነው፤ ለሰነፍ ይሰንፋል፣ ለጎበዝ ይጎብዛል።»

ከታች የኃላፊው ፊርማ አለ። ፊርማው የሱ ነው። ቃሉስ?

አባታችን ሃያ ስድስት ዓመት የጭነት መኪና ሲነዳ ይህን ነገር ሲል የሰማው ማን ማን ነው? እኔ፣ አንተና እማማ። እኔን መንዳት ሲያስተምረኝ ፍሪሲዮኑን አላግባብ ስረግጠው ነበር የሚለኝ፤ ያንተንም ጆሮ ይዞ እየሳቀ ይልህ ነበር። ከእሱ ሌላ ከማንም አፍ ሰምቼው አላውቅም። እማማ መቼም አራተኛ ፎቅ ላይ አትሠራም።

ወረቀቱን ሦስቴ አነበብኩት። ከዚያ እጄን ታጠብኩ። እንደገና ታጠብኩ። ያ ሥራ አስኪያጅ ለምን እንደሚታጠብ አሁን ነው የገባኝ።

«ልብስ ሰፊዋ ለምን ዝም አለች፣ ሰላምታዬን አልመለሰችም እኮ» ብለህ በአውቶቡስ ነጂው ልከህብኛል። እሱን ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። መጀመሪያ አንተ መልስልኝ፦ ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?


ታኅሣሥ 19

እታለም፣

ሰላምታ ለመጻፍ እጄ አልታዘዘልኝም።

እኔ ነኝ። ሦስቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ስጽፍ የአንቺ መሆናቸውን አላወቅኩም፤ ሰሌዳ ቁጥር ብቻ ነው የሚሰጠኝ። የአያያዝ፣ የውሃ፣ የውጭ ባለሙያ የሚሉ የተዘጋጁ አንቀጾች አሉኝ፤ ያዘጋጀኋቸውም እኔ ነኝ። ሳቂታው «ያንተ እምቢታ ይጣፍጣል» ይለኛል። በዚህም ተሸልሜአለሁ።

ሦስተኛውን ግን እያወቅኩ ጻፍኩት። ፋይሉን ራሱ ይዞልኝ መጣ። ከኋላዬ ቆሞ «ይቺ ሴትዮ ነገረኛ ናት፣ ጠንከር ያለ ቃል ትፈልጋለች» አለኝ። ከዚያ የአባት ስምሽን አየና ትከሻዬን መታ አድርጎ ሳቀ። «ካንተ ጋር አንድ ነው። ዘመድህ ናት እንዴ?»

«አላውቃትም» አልኩት።

ካልኩት በኋላ ደግሞ አለማወቄን ላሳየው ፈለግኩ። የአባባ ቃል ያን ጊዜ ነው ከአፌ የወጣው። «ግሩም!» አለ። አብሬው ሳቅኩ።

የባሰም አለ። ከፋብሪካው የመጣ ሰርኩላር አለ። በዚያ ጭነት የገቡት ስልሳ አንድ መኪኖች ፓምፓቸው ጉድለት ያለበት ስለሆነ በብረት እንዲለወጥላቸው፣ ባለቤቶቹም በአስቸኳይ እንዲነገራቸው ያዛል። የመጣው በነሐሴ ነው። የብረቶቹ ፓምፖች መጋዘን ውስጥ ተደርድረዋል። ሰርኩላሩ ሳቂታው መሳቢያ ውስጥ ነው። «ጠበቃ ይዞ ለመጣ ብቻ» ነው ያለን። ጥቅምት ላይ መጀመሪያ ስትጽፊልኝ አውቅ ነበር።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ የብረት ፓምፕ በአውቶቡስ ነጂው ልኬልሻለሁ። ለመካኒኩ ስጪው። ማንም አያውቅም። ይቅር በይኝ አልልም፤ ፓምፑን ብቻ ተቀበይኝ።


ታኅሣሥ 27

ለጸሐፊው፣

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉሃል፣ ይኸው ነው። አረንጓዴ ፎርም ሙዪ ስትለኝ፣ ድምፅሽን አትጨምሪ ስትለኝ፣ ያ ወረቀት የት እንዳለ ታውቅ ነበር።

ስለ ልብስ ሰፊዋ ልንገርህ።

ያን ቅዳሜ መንገድ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆምን። አሸዋ የጫነ መኪና ለምኜ ጋቢና አሳፈርኳት። ሆስፒታል ስትደርስ ተራዋ አልፎ፣ ማሽኑ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ፣ «ሰኞ ነይ» አሏት። እሁድ እግሯ አበጠ። ወደ ማታ ላይ ትንፋሽ አጠራት። ባሏ ትራስ በትራስ ላይ ደራርቦ ቀጥ አድርጎ አስቀመጣት። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በተዋስኩት መኪና በራቸው ላይ ደርሼ ክላክስ አደረግኩ። ባሏ ወጣ። ካውያው እጁ ላይ ነበር፤ ልትለብሰው የነበረውን ቀሚስ እየተኮሰላት ነበርና። ሃያ ዓመት እሷ ስትሰፋ እሱ ሲተኩስ የኖሩ ሰዎች ናቸው። «ክላክሱን ተይው፣ አትሰማም» አለኝ።

ይህን ያልጻፍኩልህ እንዳታዝን ብዬ ነበር። አየህ፣ አንተን ከሐዘን ልጠብቅህ ነበር።

አሁን ሳስብህ እጸየፍሃለሁ። እንደ ጠላት እንኳ አይደለም፤ ጠላት ይፈራል፣ ይከበራልም። አንተን እንደተነካካ ምግብ ነው ፊቴን የማዞርብህ። ይህን የምጽፈው በጀርባዬ አዝዬ ላሳደግኩት ልጅ ነው።

ፓምፑን ተቀብያለሁ፤ ተገጥሟል። በጓሮ በር የመጣ ዕቃ መሆኑን አውቃለሁ። መልሼልህ ቢሆን ኩራቴ ደስ ይለው ነበር፤ ግን ስምንት ሰዎች አሉኝ፣ በእነሱ ኩላሊት አልኮራም።

ነገር ግን ስልሳ መኪና ይቀራል። ለሸማቾች ችሎት አመልክተናል፤ ቀጠሮው ጥር 27 ማክሰኞ ነው። ዳቦ አከፋፋዩና የልብስ ሰፊዋ ባል ይመጣሉ። እኔ አልመጣም፤ የእጥበት ቀን ነው። ያ ወረቀት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ይገኝ። ካልተገኘ ደግሞ «አላውቃትም» ያልከው ቃል እውነት ይሁን፤ አንተም አታውቀኝ፣ እኔም አላውቅህም።


ጥር 29

እታለም፣

የሆነውን ከእኔ ብትሰሚው ብዬ ነው።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ የሚንቋቋ የጣሪያ ማራገቢያ። የድርጅቱ ጠበቃ ከሳቂታው ጋር ከፊት ተቀምጠዋል። ሳቂታው ሲያየኝ የእነሱ ምስክር ሆኜ የመጣሁ መስሎት አጠገቡ ወንበር ሳበልኝ። አልፌው ሄድኩ። ሲስቅ ቀረ፤ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

ሰርኩላሩን ለሰብሳቢዋ ሰጠሁ። ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ከየት አመጣኸው?»

«ከክፍሉ ኃላፊ መሳቢያ። ኮፒ ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

«እነዚህን የእምቢታ ደብዳቤዎችስ ማን ጻፋቸው?»

«እኔ።»

«ስንቱን?»

«ሠላሳ አራቱንም። አንደኛው ለእህቴ የተጻፈ ነው።»

ዳቦ አከፋፋዩ ከኋላ «ቱ!» ሲል ሰማሁት። ሰብሳቢዋ አልገሠጹትም። ጠበቃው ተነሳ። «በዚሁ ሥራ የተሸለምክ ሰው ነህ። ታዲያ ያን ጊዜ ኅሊናህ የት ነበር?» አለኝ። «ከእኔው ጋር ነበር፤ ዝም አሰኝቼው ነው» አልኩ። ሳስበው ያ ጥያቄ ትክክል ነበር፤ የጠየቀው አፍ ነው የከረፋው።

ትናንት ውሳኔው ተነበበ። ስልሳ አንዱም መኪኖች ፓምፓቸው በአንድ ወር ውስጥ ይለወጣል፤ ውድቅ የተደረጉት ማመልከቻዎች ሁሉ እንደገና ይታያሉ፤ ማስታወቂያ በጋዜጣ ይወጣል። ስለ ልብስ ሰፊዋ ግን «ሞቷ ከመኪናው ብልሽት ጋር በቀጥታ መገናኘቱ አልተረጋገጠም» ተባለ። አማርኛውን አወቅኩት። እኔ የጻፍኩት ይመስላል።

ባሏን ደጅ ላይ ጠብቄ እጄን ዘረጋሁለት። እሱ ሁለት እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተና ሱሪዬን አየ። እሷ የሰፋችውን ነበር የለበስኩት፤ ሌላ ደህና ሱሪ የለኝም። ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ መንገዱን ተሻገረ።

ከሥራ ተባርሬአለሁ። ጥበቃው ቦርሳዬን ሲፈትሽ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ከዚያ ሕንፃ የሰማሁት የመጀመሪያው እውነተኛ ይቅርታ ነው። ክፍሉን እስከ ወሩ መጨረሻ እለቃለሁ። ወዴት እንደምሄድ አላውቅም። ልምጣ አልልሽም።


የካቲት 7

ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ማስታወቂያውም ወጥቷል፤ ዳቦ አከፋፋዩ ቆርጦ መስታወቱ ላይ ለጥፎታል። ቅርንጫፉ በር ላይ ከትናንት ጀምሮ መኪና ተሰልፏል። ያ ሥራ አስኪያጅ አሁን ለሁሉም እየጨበጠ ነው አሉ።

እማማ አውቃለች፤ የችሎቱ ዜና ከጋዜጣ ሲነበብ ነው የሰማችው። በሦስተኛው ቀን «አልጋው ላይ ያለውን የክረምት ዕቃ አንሺ» አለችኝ። ያንተን አልጋ ማለቷ ነው። «አላውቃትም» ያልከውን ግን አልነገርኳትም። እሱን ራስህ ትነግራታለህ፤ እኔ አልሸከምልህም።

እኔን ብትጠይቀኝ፣ አሁንም ሳስብህ ፊቴን አዞራለሁ። ያልፋል ብዬ አልዋሽህም። እንደዚያም ሆኖ ወንድሜ ነህ፤ ተጸይፌህም ወንድሜ ነህ፤ ምን ይደረጋል።

ና። ስትወርድ ግን ወደ ቤት እንዳትመጣ። መጀመሪያ ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሂድ። ባሏ ሱቁን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይከፍታል፤ አሁን ብቻውን ነው፣ የሰው ልብስ እየተኮሰ ይውላል። ምን እንደምትለው አልነግርህም፤ የተዘጋጀ አንቀጽ ግን ይዘህ አትሂድ። ሊሰድብህ ይችላል። ዝም ሊልህም ይችላል፤ እሱ ነው የሚከብደው። ውጣ ካለህ ውጣ፣ በማግስቱ ተመለስ። ቁጭ በል ካለህ ቁጭ በል።

ከዚያ ወዲያ የቤታችንን መንገድ ታውቀዋለህ።

እህትህ